ለአያ ታረቀኝ ዓይን የተጣለው ዳስ

ድግስ አዘጋጅልን የሚለኝ ሰው ካለ ከዛሬ ጀምሮ ባንተዋወቅ እመርጣለሁ። ሰርግም ይሁን፣ ክርስትናም ይሁን፣ የማኅበር ጠበልም ይሁን፣ ጥሩኝ እንጂ አታማክሩኝ። ተጠርቼ፣ በልቼ፣ መርቄ መሄድ አያቅተኝም፤ በዚህ በኩል ማንም አምቶኝ አያውቅም። «ኮሚቴ እናቋቁም» የሚል ሰው ድምፅ ስሰማ ግን፣ ይኸው ስንት ዓመት አልፎም፣ መንገድ ቀይሬ እሄዳለሁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ደስ የሚል ወሬ አይደለም። መሳቅ ካማራችሁ ሳቁ፣ አልቀየምም፤ ያኔም ስቀውብኛል።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ እንጅባራ አስተማሪ ሳለሁ ነው። የተወለድኩት ዳንግላ ከተማ ነው። ዳንግላና እንጅባራ ቅርብ ለቅርብ ናቸው ብላችሁ እንዳትሞኙ፤ የዳንግላ ሰው እንጅባራ ሲዛወር መጀመሪያ የሚማረው መንቀጥቀጥ ነው። ጉሙ ከተማሪዎቹ ቀድሞ ክፍል ገብቶ ይቀመጣል። ጠመኔው ይረጥባል፣ ጥቁር ሰሌዳው ያልበዋል፣ አስተማሪው በጋቢ ላይ ጋቢ ደርቦ ሒሳብ ያስተምራል። ሕዝቡ እርስ በርሱ የሚያወራው በአገውኛ ነው፤ ከኔ ጋር ሲሆን ወደ አማርኛ ይመለሳል። እኔም አገውኛ ልሞክር ብዬ ሰላምታ ስሰጥ ይስቁ ስለ ነበር ተውኩት። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአማርኛ ያልተነገረኝ ብዙ ነገር እንደነበረ በኋላ ነው የገባኝ።

በዚያ ትምህርት ቤት ከዳይሬክተሩ ቀጥሎ፣ እንደ እኔ እንደ እኔ ከዳይሬክተሩም በፊት፣ ትልቁ ሰው አያ ታረቀኝ ነበሩ። ዘበኛ ናቸው፤ ደወሉንም የሚደውሉት እሳቸው ናቸው። ደወል ስላችሁ ጥዱ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ማለቴ ነው። የእጅ ሰዓት የላቸውም። የሰንደቅ ዓላማው እንጨት ጥላ የሚያርፍባቸውን ድንጋዮች ራሳቸው ተክለዋል፤ ጥላው ይኼኛው ድንጋይ ላይ ሲደርስ እረፍት፣ ያኛው ላይ ሲደርስ ምሳ፣ ወዲያኛው ላይ ሲደርስ ወደ ቤት። ዳይሬክተሩ የእጅ ሰዓት ነበረው። ከአያ ታረቀኝ ደወል ጋር ሲለያይበት ግን የሚያስተካክለው የእጁን ሰዓት ነው።

«ጉም በሆነ ቀንስ በምን ያውቃሉ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ጉሙም ጥላ አለው» አሉኝ። «አንተ ስለምትንቀጠቀጥ አታየውም።»

ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ያላቸው ነገር ቢኖር በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ያለችው ጎጇቸውና አንድ ዳማ ፈረስ ነው። ፈረሱን ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለችው እኅታቸው ዘንድ፣ ደሴ የሚባል የእኅታቸው ልጅ ይጠብቅላቸዋል። በበዓል ቀን ሲጋልቡት ካላያችሁ አያ ታረቀኝን አላያችኋቸውም። በሳምንቱ ጎንበስ ብለው ግቢ የሚጠርጉት ሽማግሌ ኮርቻው ላይ ሲወጡ ወገባቸው ቀጥ ይላል፤ ዓይናቸውም ሰው ንቆ ያልፋል። አቶ ስማቸው የሚባል የዳንግላ ቅቤ ነጋዴ በየገበያው ቀን እየመጣ ይለምናቸው ነበር።

«አያ፣ ያን ዳማ አይሸጡልኝም?»

«አንተ ስማቸው፣ እናትህን ትሸጣለህ?»

«ኧረ አልሸጥም!»

«እንግዲያው ቅቤህን ሽጥ።»

ይህ ጨዋታ በየሳምንቱ ያው ነው፤ ሁለቱም ሳይስቁ ይጨርሱታል።

አንድ ዓመት ጥቅምት ላይ ደወሉ መሳት ጀመረ። አንድ ቀን የምሳው ደወል በጠዋቱ ተደወለ። ተማሪው እልል ብሎ ወጣ፤ ዳይሬክተሩም የእጁን ሰዓት አውልቆ እየነቀነቀ ወጣ። እኔ ጥዱ ዘንድ ስደርስ አያ ታረቀኝ ተንበርክከው አገኘኋቸው። መዳፋቸውን መሬቱ ላይ ያንቀሳቅሳሉ። ፀሐይ የመታው መሬት ይሞቃል፣ ጥላ ያረፈበት ይቀዘቅዛል፤ ሰውዬው ሰዓቱን በእጃቸው እየፈለጉ ነበር። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

ኅዳር እንደ ገባ ዳንግላ ክሊኒክ ይዣቸው ሄድኩ። ድሬሰሩ ዓይናቸውን ገልጦ በባትሪ አየና ወደ ውጭ ጠራኝ። «ይህ ሞራ አይደለም» አለኝ። «ሞራ ይጠብቅህ ነበር፤ ይህ አይጠብቅም። አዲስ አበባ ውሰዷቸው። ከገና በፊት ይድረሱ።» ከገና በፊት። አስተማሪ ነኝ፤ ወር መቁጠር እችላለሁ። የሰማሁትንም በደንብ ሰምቻለሁ።

ስንመለስ መንገድ ላይ አያ ታረቀኝ፣ «ለስማቸው ንገርልኝ። ዳማን ይውሰደው» አሉኝ።

እዚህ ላይ አፌን ይዤ ቢሆን ኖሮ! ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ፈረሱ ይሸጣል፣ አውቶቡስ እንሳፈራለን፣ ኅዳር ሳያልቅ ሐኪም ያያቸዋል። እኔ ግን ምን አልኩ? «ኧረ በፍጹም! ፈረስዎማ አይሸጥም! ወጪውን መንግሥት ይችለዋል፤ እኔ እጨርሰዋለሁ» አልኩ። መንግሥት ስለ አያ ታረቀኝ ዓይን የሰማው ነገር አልነበረም። ከአፌ እንዴት እንደ ወጣ ዛሬም አላውቅም። እሳቸው ግን አመኑኝ። «ተባረክ» ብለው ትከሻዬን ያዙ፤ እንጅባራ እስክንገባም አልለቀቁኝም።

አሁን ከየት ይመጣል? ያን ሰሞን አንድ አሮጌ ጋዜጣ እጄ ገብቶ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ እመቤቶች ለችግረኞች መርጃ የሚሆን ምሳ አዘጋጅተው፣ የመግቢያ ካርድ ሸጠው፣ እየበሉ እየጠጡ ብዙ ረዱ ይላል። አይገርምም? መብላትና ጽድቅ በአንድ ማዕድ! ጋዜጣውን ይዤ ግራዝማች ካሰኝ ዘንድ በረርኩ። ግራዝማች የአገሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ያለ እሳቸው እንጅባራ ውስጥ ዳስ አይተከልም። ሁለት ጊዜ አስነበቡኝና፣ «ልመና አይደለም፤ ግብዣ ነው። ክብር አለው» አሉ። «ኮሚቴ እናቋቁም።»

ግራዝማች ሰብሳቢ፣ እኔ ጸሐፊ፣ ወይዘሮ ውዴ የምግብና የመጠጥ ኃላፊ ሆንን። ወይዘሮ ውዴ ጠላ የሚሸጡ፣ እጃቸው የሚጣፍጥ፣ ምላሳቸው የሚኮመጥጥ ሴት ናቸው። በመጀመሪያው ስብሰባ ኮሚቴ መቋቋሙን አጸደቅን። በሁለተኛው ማኅተም ያስፈልገናል አያስፈልገንም ስንል መሸ። በሦስተኛው ቀኑን ልንወስን ስንል ግራዝማች ጣታቸውን ቆጠሩና፣ «የነቢያት ጾም ሊገባ ነው። በጾም በሬ ሊጣል ነው?» አሉ።

«በሽሮስ ቢሆን?» አልኩ።

«ለሽሮ ማን ካርድ ይገዛል? ሰው ቤቱ ሽሮ አጥቷል?»

ልክ ናቸው። ወደ ገና ማግሥት ተዛወረ። ያኔ ወይዘሮ ውዴ ብድግ አሉ። «ስሙኝማ። እናንተ ጽፋችሁ እስክትጨርሱ የሰውዬው ዓይን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል? ዛሬውኑ ከየቤቱ ብናዋጣስ?»

«ልመና!» አሉ ግራዝማች፣ እባብ እንደረገጠ ሰው።

እኔስ? እኔ ጸሐፊ ነኛ፤ ቃለ ጉባኤ ያዝኩ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ወይዘሮ ውዴ ዓይንን የሚመለከት ጥያቄ አቅርበው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።» ጽሕፈቴ በጣም ያምር ነበር። ያቺን ገጽ አሁን ባገኛት ምን እንደማደርጋት አላውቅም።

ገና መጣ፣ ገና ሄደ። ጥር ገባና የሰርግ ወር ሆነ፤ በአገሩ ያለ ጋን፣ በአገሩ ያለ የዳስ ቀርከሃ፣ በአገሩ ያለ ወጥ ሠሪ ሁሉ ተያዘ። እኛም እሑድን በእሑድ እያሸጋገርን የጥር መጨረሻ ላይ ደረስን።

በመሀሉ፣ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ ዳይሬክተሩ አያ ታረቀኝን፣ «ትንሽ ይረፉ» አላቸው። ደወሉ ዝም አለ። ዳይሬክተሩ በፊሽካ መሥራት ጀመረ፤ ፊሽካዋም ከክፍሉ በር አልፋ አትሰማም። አያ ታረቀኝን ወይዘሮ ውዴ ጓሮ ክፍል አስገባናቸው። ብርሃን ዓይናቸውን ይወጋቸው ስለ ነበር በር ዘግተው ነው የሚውሉት። ደግሞም ኮሚቴው ምስጢር ነው፤ ሰው ረዳኝ ማለት የሚያሳፍራቸው ኩሩ ሰው ስለሆኑ የምሳው ነገር ጆሯቸው እንዳይገባ ተጠንቅቀናል። እዚያ መሆናቸውን ከኛ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ደሴ አንድ የገበያ ቀን አጎቱን ሊጠይቅ መጥቶ ጎጆዋን ተቆልፋ አገኘ አሉ። ዳይሬክተሩን ቢጠይቀው፣ «የአጎትህን ነገር ኮሚቴው ይዞታል» አለው። ልጁ እኛን ቢፈልግ አጣን፤ እሱን የሚያህል ዘመድ ፈልጎ ማነጋገር እንዳለብን ደግሞ ለኛ አልታየንም። ስብሰባ ላይ ነበርንና!

የጥሪውን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ። ግራዝማች፣ «ዓይን ታመሙ ብለህ ሰውዬውን በገበያ አታዋርዳቸው። ምክንያቱ እዚያው ይነገራል» ስላሉኝ ምክንያቱን ከጥሪው አስቀረሁት። ለፋፊው ገበያ መሀል ቆሞ በአማርኛም በአገውኛም ጮኸ፦ «የፊታችን እሑድ በወይዘሮ ውዴ ግቢ በአያ ታረቀኝ ስም ታላቅ ግብዣ ስላለ የአገር ሰው ሁሉ እንድትገኙ!» አጭር፣ ግልጽ፣ ያማረ። ራሴን አደነቅሁ።

እስቲ አሁን እናንተ ፍረዱ። የሚድረው ልጅ የሌለው ሽማግሌ፤ ደወሉ ዝም ያለ፤ ጎጆው የተቆለፈ፤ ዳስ የተጣለ፤ በሬ የታሰረ፤ ግብዣው በስሙ የሆነ። ደወሉ ዝም ካለበት ቀን እስከዚያ እሑድ ስንት ቀን ነው? እኔ ሒሳብ አስተማሪው አልቆጠርኩም። ሕዝቡ ግን ቆጥሮታል። አርባ ቀን ነው። ሰው በሞተ በአርባ ቀኑ ምን እንደሚደረግ ለእናንተም ለእኔም አስተማሪ አያሻንም።

ምልክት አላየሁም አልልም። ቅዳሜ ዳሱን ስናቆም አንዲት ሴት እጄን በሁለት እጇ ይዛ፣ «እግዜር ያጽናህ» አለችኝ። «አሜን፣ ቀርከሃው ነው ያስቸገረን» አልኳት። ሌላው ሰውዬ ዳሱን አየት፣ እኔን አየት አድርጎ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ዳሱ የተጣመመበት መስሎኝ አንዱን ቋሚ ነቅዬ እንደገና ተከልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሩ ላይ ጠረጴዛ አውጥቼ ካርዶቼን ደርድሬ ተቀመጥኩ። ካርዶቹን ከደብተር ወረቀት ቆርጬ በቀይ ቀለም አስምሬ «የምሳ መግቢያ» ብዬ የጻፍኩባቸው ራሴ ነኝ። ከዘንገና በኩል ከሩቅ የብዙ ሰው ድምፅ ተሰማ። ደስታዬ ወሰን አጣ።

«ግራዝማች፣ ሕዝቡ በሆታ እየመጣልን ነው!»

ግራዝማች ጆሯቸውን አቀኑ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። «ይሄ ሆታ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄ ልቅሶ ነው።»

ፈረሰኞቹ መንገዱን ሞልተው መጡ። ከኋላቸው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እንጀራ በመሶብ፣ ጠላ በእንስራ፣ ማር በቅል ተሸክመው ይከተላሉ፤ በግ የሚጎትትም አለ። ከሁሉም ፊት ዳማ ይመጣል። ሰው አልተቀመጠበትም። ኮርቻው ላይ የአያ ታረቀኝ ጋቢ ተጥሏል፣ አለንጋቸው ጎኑ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ደሴ ልጓሙን ይዞ በእግሩ ይመራዋል። እንዲህ ያለ ፈረስ የሚወጣው ባለቤቱ ሲሞት ነው። ያኔ ነገሩ ሁሉ በአንዴ ገባኝ።

ደሴ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ። ዓይኑ ደም ለብሷል። «አጎቴን የት ቀበራችሁት?» አለኝ።

ሰው ሲደነግጥ አፉ የለመደውን ነው የሚናገረው። እኔም ከጧት ጀምሬ ስለማመደው የነበረውን ቃል ተናገርኩ።

«ካርድ ይዘሃል?»

አያችሁ ጉዴን? ካርድ ይዘሃል! ደሴ አንድ ካርድ አነሣ፣ አነበበና ወደ ሕዝቡ ዞሮ በአገውኛ ጮኸ። ምን እንዳለ አልገባኝም፤ ሕዝቡ ግን ጠረጴዛዬን ገለበጠው። ከዚያ ለኔ ሲል በአማርኛ ደገመው፦ «ዘመድ ሳታረዱ ደብቃችሁ ቀብራችሁ፣ ደግሞ የተዝካሩን ሥጋ ትሸጡልናላችሁ?»

«አልሞቱም!» እላለሁ። ማን ይስማኝ? ልቅሶው ግቢውን ሞልቶታል። ቄሶቹም ፍትሐት ሊያደርሱ ተነሥተዋል። አልቃሿ መሀል ገብታ ጀመረች፦

«ጥላ እያየ ደዋይ፣ ሰዓት የማይስት፣
ዛሬ ማን ይጥራቸው ልጆቹን ለትምህርት?»

ሕዝቡ ደረቱን ደቃ። አያ ታረቀኝን የማያውቃቸው ሳይቀር አለቀሰ። እኔም፣ ምን ልደብቃችሁ፣ እንባዬ መጣ።

ያኔ የጓሮው ክፍል በር ተከፈተ። አያ ታረቀኝ ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ። ብርሃኑን በእጃቸው ከልለው፣ ድምፅ ወዳለበት ፊታቸውን አዙረው፣ «ማን ነው የሞተው?» አሉ።

ሁለት ሴቶች አጥሩን ጥሰው ጠፉ። አንደኛው ቄስ አማተበ። ወይዘሮ ውዴ፣ «እርስዎ ነዎት አሉ፣ አያ» አሉ።

«እኔ? መቼ?»

«አርባ ቀንዎ ነው» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

እኅታቸው መጮህ ጀመሩ፤ ሮጠው ገብተው አንገታቸውን አቅፈው ሳሟቸው፣ ከዚያም ጀርባቸውን በቡጢ ደበደቧቸው። አያ ታረቀኝ እኅታቸውን እንዳቀፉ፣ «አልቃሿ የት አለች? በይ ጨርሺው እንጂ። የኔ ከሆነ ልስማው» አሉ። ሴትዮዋ አፍራ መሬት መሬት አየች። ቢለምኗት ያችኑ ግጥም በቀጭን ድምፅ ደገመችው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሰዓትስ ስቻለሁ። ውሸት አትጨምሪበት።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። የዚያን ቀን የሳቅነው ያንኑ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ሳቁ ሲበርድ፣ «ታዲያ ዳሱ የምን ነው?» ብለው ጠየቁ። ግራዝማች ወደ እኔ አዩ። ሰብሳቢ የነበሩት ሰው የዚያን ጊዜ ተራ እንግዳ ሆኑ፤ ወይዘሮ ውዴም ወደ እኔ አዩ፤ ዳሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ እኔ አየ።

«ለዓይንዎ ነው» አልኩ። «አዲስ አበባ የሚሄዱበት እንዲገኝ ብለን ነው።»

«መንግሥት ይችለዋል አላልከኝም ነበር?»

«ዋሽቼዎት ነው፣ አያ።»

«ድሬሰሩ እስከ መቼ ነበር ያለው?»

«ከገና በፊት ብሎ ነበር።»

ቢሰድቡኝ እንዴት በወደድኩ! አልሰደቡኝም። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ዓይናቸው ግን እኔ ላይ አላረፈም፤ ከትከሻዬ አለፍ ብሎ ሌላ ቦታ ላይ ነው ያረፈው። እዚያ የቆምኩ መስሏቸው ነበር። ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ ወገን፣ ካርዱ…» ሊሉ ሲጀምሩ አያ ታረቀኝ እጃቸውን አነሡ።

«አይሆንም። ዘመዶቼ የኔ አርባ መስሏቸው ያላቸውን ተሸክመው መጥተዋል። ዳግመኛ እጃቸውን አይዘረጉልኝም። ብሉ፤ ጠጡ፤ ቁሜ ልመርቃችሁ።»

ቆመውም መረቁ። ሕዝቡ በላ። ከተሰናዳው የመጣው በልጦ እንጀራው በመሶብ ተርፎ ተመለሰ። አንድም ካርድ አልተሸጠ። አንድ ሽማግሌ ከወደቁት አንዷን አንሥቶ፣ ጠቅልሎ ጥርሱን ሲጎረጉርባት አየሁ። ቀይ መስመሯ በደንብ ይታይ ነበር።

አያ ታረቀኝ አልበሉም። «ዳማ የት ነው?» አሉ። ደሴ እጃቸውን ይዞ ወሰዳቸው። ፈረሱ ሽታቸውን አውቆ አንገቱን አመጣላቸው። ኮርቻው ላይ የተጣለውን ጋቢ በእጃቸው አገኙትና አነሡት፣ አጠፉት፣ ለእኅታቸው ሰጡ። ጋማውን ሲዳብሱ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ሳይዞሩ፣ «ስማቸው እዚህ አለ?» አሉ።

የቅቤ ነጋዴው እንደ ሌላው ሊያለቅስ መጥቶ ነበር። «አለሁ፣ አያ።»

«ውሰደው።»

«ኧረ አያ፣ ዛሬ አይሁን። ሌላ ቀን እንነጋገራለን…»

«ዛሬ ይሻላል። ዛሬ ያለ እኔ መሄድን ጀምሮታል።»

አቶ ስማቸው የሚገባውን አልነፈጋቸውም፤ ይህን ልመስክርለት። ልጓሙን ሲቀበል ግን ፊቱን አዞረ። ለስንት ዓመት የተመኘውን ፈረስ ሲያገኝ እንደዚያ ያዘነ ሰው አላየሁም። ፈረሱ ከበሩ ሲወጣ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ዞረ። አያ ታረቀኝ አላዩትም፤ እኔ ግን አየሁት።

በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፈርን። የዓባይን በረሃ ስንወርድ ሰው ሁሉ በመስኮት ገደሉን እያየ ይማጠናል። እሳቸው ግን፣ «ምን ይታያል?» ብለው ይጠይቁኛል። እኔም እነግራቸዋለሁ፤ የማይታየውንም እየጨመርኩ እነግራቸዋለሁ። ደግሞ ዋሸሁ ማለት ነው።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር፣ አስተርጓሚ አለው። ብዙ ጊዜ አያቸው። ቀኝ ዓይናቸው ሞቷል፤ ግራውን ባለበት ልናቆመው እንሞክራለን፣ ብርሃንና ጥላ ቢለይ ነው፣ አለን። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ እኔን አየኝ። «ለምንድን ነው እንዲህ የቆያችሁት?» አለ አስተርጓሚው።

አፌን ከፈትኩ። ምን ልበለው? ኮሚቴ ነበረን? ማኅተም እስኪቀረጽ ነው? ቀርከሃ ጠፍቶ ነው? አያ ታረቀኝ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ሆነው እጃቸውን ዘረጉና ጉልበቴን አገኙት።

«ጾም ነበር፣ በለው» አሉ ለአስተርጓሚው። «እኛ አገር ጾም ይበዛል።»

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ነገር ከአፋቸው አንዲት ቃል ወጥታ አታውቅም።

ሲመለሱ ወደ ደወላቸው ተመለሱ። ግራ ዓይናቸው ሰው አይለይም፣ ፊደልም አይለይም፣ ጥላ ግን ይለያል። ድንጋዮቹን እኔና ተማሪዎቹ ኖራ ቀባንላቸው። ደወሉ እንደ ድሮው ልክ ሆነ፣ ፊሽካዋም ጠፋች። የሚዘገየው በገበያ ቀን ብቻ ነው። በገበያ ቀን፣ እረፍት ሊሆን ሲል፣ አቶ ስማቸው ዳማን ጭኖ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ያልፋል። አያ ታረቀኝ መምቻውን ብረት ከፍ አድርገው እንደያዙ ይቆማሉ፤ ጆሯቸውን ወደ መንገዱ ይመልሳሉ። ኮቴው ከሩቅ ይመጣል፣ በአጥሩ ሥር ያልፋል፣ እየራቀ ይሄዳል። ጨርሶ ሲጠፋ ደወሉ ይመታል።

ክፍል ውስጥ ተማሪው ይቁነጠነጣል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሰሌዳው ላይ መጻፌን እቀጥላለሁ። አንድ ቀን ዳይሬክተሩ የእጁን ሰዓት እያሳየኝ፣ «ለመሆኑ እኚህ ሰው በገበያ ቀን ምን ይሆናሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ፀሐይዋ ወለል ብላ ወጥታ፣ ሰማዩ አንድም ደመና አልነበረበትም።

«ጉም ነው» አልኩት።